በቀይ ቀለም የጻፍኩት ስም

ማክሰኞ ጥቅምት 18 ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ፣ አትላንታ አጠገብ ዶራቪል በሚገኝ አንድ ላውንደሪ ውስጥ የሱቁ ባለቤት የሆነች ኮሪያዊት ቀይ እስክሪብቶዬን ከእጄ ነጠቀችኝ። በልብስ መቀበያው ትኬት ላይ የባለቤቴን ስም እየጻፍኩ ነበር፤ ለመጨረስ ሁለት ፊደል ቀርቶኛል።

ሴትዮዋን ደንበኞቿ ሚስስ ኪም ነው የሚሏት። ስድስት ዓመት ልብሳችንን ስታጥብ ከሰላምታና «ዓርብ ይደርሳል» ከማለት ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። እስክሪብቶውን ነጥቃ ትኬቱን ቀደደችው። ቁራጩን ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አልጣለችውም፤ አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። ቀዩን መለሰችልኝ፤ ሌላ ትኬት አወጣችና በራሷ ጥቁር እስክሪብቶ ጻፈችበት።

«በቀይ አይሆንም» አለችኝ። «በሕይወት አለች አይደል?»

«አለች» አልኩ።

ኮቱ የአስቴር ነው። ከልቧ ክዳኖች አንዱ በደንብ አልገጥም ብሎ ደሙ ወደ ኋላ እየተመለሰ ስላስቸገራት ሐሙስ ጠዋት ቀዶ ጥገና ሊደረግላት ቀጠሮ ተይዟል። «ቡናማውን ኮት አሳጥብልኝ፤ ስወጣ እለብሰዋለሁ» ብላኝ ነው ይዤው የሄድኩት። ከሱቁ ወጥቼ መኪና ውስጥ ገባሁና ቁልፉን ሳላዞር ተቀመጥኩ። ሰዓቴን አየሁ፤ አራት ሰዓት ከሠላሳ አንድ ይላል። እንደ ሚስስ ኪም ያለ የደነገጠ ፊት ኮሪያዊት ሴት ላይ ሳይ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው ሴኡል ውስጥ ነበር፤ ያን ጊዜም በቀይ ስም የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ሴኡል የቆየሁት ሦስት ወር ነው። ዓመተ ምሕረቱን መጥቀስ ብዙ አይጠቅምም፤ በእኛም አገር በእነሱም አገር ነገር ያልረጋበት ጊዜ ነበር። መሥሪያ ቤቴ ለጋዜጠኝነት ሥልጠና ሲልከኝ ገና ጎልማሳ ነበርኩ። የተሰጠን አበል ለሆቴል ስለማይበቃ ሚስተር ቾይ የሚባሉት አስተርጓሚያችን፣ ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ ጡረተኛ መምህር፣ ተራራ ላይ በተንጠለጠለ ሰፈር ውስጥ ቁርስና እራት የሚጨምር የኪራይ ክፍል አገኙልኝ። ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ በሩ ድረስ ደረጃ ነው። ቆጥሬዋለሁ፤ መቶ አሥራ ሦስት ነው። አውቶቡስ የሚከፈለው መሐሉ ቀዳዳ ባላት ትንሽ የብረት ሳንቲም ነበር፤ ጋዜጣና ማስቲካ ከምትሸጥ አንድ ጠባብ ኪዮስክ በመስኮት ይገዛል። ከደረጃው ሥር በጋሪ ላይ ካሴት የሚሸጥ ሰው ነበር፤ ከጠዋት እስከ ማታ ያንኑ የአንዲት ሴት ዘፈን ይከፍታል። ቃሉ ባይገባኝም የምታለቅስ መሆኗን ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። በጥቁር የባቄላ መረቅ የሚቀርብ አንድ ሳህን ኑድል ሁለት ሺህ ዎን ነበር፤ ሽንኩርትና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ቢጫ ፍጅል ይመረቅበታል። ወጣቶቹ ወገባቸው ላይ እንደ ክብሪት ሳጥን ያለ መጥሪያ ያንጠለጥላሉ፤ ሲጮህ ወደ ስልክ ቤት ይሮጣሉ። ሴቶቹ ትከሻው የሰፋ ረጅም ኮት ይለብሱ ነበር። ሚስስ ኪም ሱቅ ውስጥ ከተሰቀሉት ልብሶች መሐል ዛሬም አንዳንድ ጊዜ ያንን ትከሻ አያለሁ፤ አሮጊቶች ናቸው የሚያመጡት።

ልማዳቸው ብዙም አላስቸገረኝም። ለትልቅ ሰው ዕቃ ሲሰጡ ግራ እጃቸውን ከቀኝ ክንዳቸው ሥር ይደግፋሉ፤ እኛም እንደዚያው ነን። ሲገናኙ ጎንበስ ይላሉ፤ እኛም እንላለን። ታላቅ ሳይጀምር ማንኪያ አያነሱም። ፊደላቸውንም በሁለት ሳምንት ለየሁት፤ እንደኛው ተነባቢና አናባቢው በአንድ ፊደል ውስጥ ይሰበሰባል። ማንበብ ቻልኩ፤ ትርጉሙን ግን አላውቅም፤ በልጅነቴ ዳዊት ስደግም እንደነበረው ማለት ነው። ይህን ያህል ነገር ሲመሳሰልብኝ ሁሉም የሚመሳሰል መሰለኝ። ስህተቴ ከዚህ ነው የሚጀምረው።

አከራዬን ሁሉም ሰው «አጁማ» ይላታል፤ በእናት ዕድሜ ላለች ሴት የሚባል መጠሪያ ነው። ሃምሳ ዓመት ይሆናታል። ባሏ ሞቷል፤ አንድ ልጅ አላት፤ ስሙ ሚንሱ ነው። ሚንሱ ግዳጁን ለመወጣት ወታደር ቤት ገብቶ ከሰሜኑ ድንበር አጠገብ ነበር። በየዐሥር ቀኑ ይጽፍላታል። ፎቶው ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል፤ ጆሮው ትልልቅ ነው፤ ኮፍያው ሳይሰፋው አልቀረም። የቤቱ ወለል ከሥር በከሰል ይሞቃል፤ ጢሱ በስንጥቅ ከገባ ተኝቶ የሚቀር ሰው ስለነበረ አጁማ ማታ ማታ የክፍሌን መስኮት አንድ ጣት ያህል ከፍታ ነበር የምትሄደው። በየምሽቱ ደግሞ አንድ ሳህን ሩዝ ክዳን አድርጋበት፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ከወለሉ ሞቃቱ ቦታ ላይ ታስቀምጣለች። በመጀመሪያው ሳምንት ለኔ የተቀመጠ መስሎኝ ገልጬ ማንኪያ ልሰድበት ስል እጄን መታችኝ። ከዚያ ሳቀች፤ ወደ ፎቶው አመለከተችና ሩዙን መልሳ ጠቀለለችው። በሩቅ ያለ ልጅ ድርሻው ሳይቀዘቅዝ እንዲጠብቀው ነው።

በሁለተኛው ወር አየሩ ተለወጠ። ጋዜጦቹ ላይ ያለውን ትልልቅ ጽሑፍ አነበዋለሁ፤ አይገባኝም፤ የሚያነቡትን ሰዎች ፊት ግን አያለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳይረን ጮኸና መንገዱ ላይ ያለው መኪና ሁሉ ባለበት ቆመ። ሰው ወደ ምድር ውስጥ መተላለፊያ ወረደ፤ የካሴቱ ሰውዬ እንኳ ዘፈኑን አጠፋ። ልምምድ ነው አሉን። በነገታው ከደረጃው ሥር ያለው ሱቅ ውስጥ ኑድል አልነበረም፤ ሰው በካርቶን ገዝቶ ጨርሶታል። አጁማ ሁለት ካርቶን፣ አንድ እሽግ ሻማና ስድስት ጀሪካን ውሃ አስገባች። ሚስተር ቾይን ምን እየሆነ ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። «ዕድሜዬን ሙሉ ሲሆን የነበረው ነው» አሉኝ። የሚንሱ ደብዳቤ በዐሥረኛው ቀን አልመጣም። በዐሥራ አምስተኛውም አልመጣም። አጁማ በሩ ላይ ያለውን የደብዳቤ ሳጥን በቀን ስንት ጊዜ እንደምትከፍት ከክፍሌ ሆኜ እሰማ ነበር፤ ማጠፊያው ዘይት ስለሌለው ይጮሃል።

ላጽናናት ፈለግሁ፤ ቋንቋ ግን የለኝም። ያለኝ የአባቴ ሙያ ነው። አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበር፤ በብራና ላይ በመቃ ብዕር መጽሐፍ ይጽፋል። ጽሑፉን በጥቁር እየጻፈ ይሄድና ስም ሲደርስ ባዶ ቦታ ይተዋል። ገጹ ሲያልቅ ብዕር ለውጦ፣ ቀዩን ቀለም በጥብጦ፣ ባዶዎቹን ይሞላል፤ የቅዱሳኑን ስም፣ መጽሐፉን ያጻፈውንም ሰው ስም። «ስም ላይ ስትደርስ ብዕር ለውጥ» ይለኝ ነበር። ጋዜጠኛ ስሆን ያንን ልማድ ይዤ ሄድኩ፤ ማስታወሻዬን በጥቁር እጽፋለሁ፣ የሰው ስም በቀይ። ስም ተሳስቼ አላውቅም። እናም በሁለት ሺህ አምስት መቶ ዎን ጥሩ ወረቀት ገዛሁ፤ በጥቁር ቀለም በአማርኛ «እግዚአብሔር ይጠብቀው» ብዬ ጻፍኩ፤ በላዩ፣ በመሐል፣ በእነሱ ፊደል፣ ሳላጣምም፣ የሚንሱን ሙሉ ስም በቀይ ጻፍኩ። ከእራት በኋላ ተንበርክኬ በሁለት እጄ ሰጠኋት።

አየችው። ፊቷ ላይ የነበረው ደም ወዴት እንደሄደ አላውቅም። ወረቀቱን ወለሉ ላይ በፊቱ ደፋችው፤ ተነስታ ወደ ማድ ቤት ሄደች፤ የቧንቧ ውሃ ከፈተች። ውሃው ሳይዘጋ ብዙ ቆየ። በማግስቱ ቁርሴን በር ላይ በትሪ አገኘሁት፤ እሷ የለችም። በብርድ ልብስ የተጠቀለለው ሩዝ ከቦታው አለ።

ሚስተር ቾይ ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ። «እዚህ አገር ስሙ በቀይ የሚጻፈው የሞተ ሰው ነው» አሉኝ። «የወታደር እናት ናት። ደብዳቤ እየጠበቀች ነው። ምን ነካህ?» የዚያኑ ቀን ማታ አብረውኝ መጡ። መቶ አሥራ ሦስቱን ደረጃ ሲወጡ ሦስት ጊዜ ቆመው ተነፈሱ። ስለ አባቴ፣ ስለ ብራናው፣ ስለ ብዕሩ ነገርኳት፤ እሳቸው እየተረጎሙ። መልሷን ሚስተር ቾይ ወደ እኔ ሳይዞሩ ነው የተረጎሙት፦ «የእርስዎ አገር እንደዚያ ይሆናል። ልጄ ያለው ግን በዚህኛው አገር ነው።»

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ቆየሁ። እኔም እንደ አጁማ የሳጥኑን ድምፅ መጠበቅ ጀመርኩ። ሌሊት ስነቃ ጆሮው ትልልቅ የሆነ ልጅ አያለሁ። በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም፤ ያን ጊዜም አላምንም ነበር፤ ፍርሃቱ ግን አምናለሁ አላምንም ብሎ አይጠይቅም። በመጨረሻው ቀን ጠዋት እሷ ሳታየኝ እጄን ሳጥኑ ውስጥ ከትቼ ዳሰስኩት፤ ባዶ ነበር። አጁማ ሻንጣዬን ነጥቃ እስከ አውቶቡሱ ተሸክማልኝ ወረደች፤ ለመሳፈሪያ መሐሉ ቀዳዳ የሆነችውን ሳንቲም እጄ ላይ አደረገችልኝ። የካሴቱ ሰውዬ ያንኑ ዘፈን ከፍቷል።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ ከአምስት ወር በኋላ ደብዳቤ መጣ። የላኪው ስም የአጁማ ነው። ሁለት ገጽ ነው። ከላይ እስከ ታች ድምፄን አውጥቼ አነበብኩት፤ ምንም አልገባኝም። የሚንሱ ስም አራት ጊዜ እንደተጠቀሰ ቆጠርኩ፤ አራቱም በጥቁር ነው። የሚተረጉምልኝ ሰው ማግኘት አንድ ቀን አይፈጅም ነበር። መዝገበ ቃላት ውስጥ ከተትኩት። ኋላ አትላንታ ስንመጣ መዝገበ ቃላቱም አብሮን መጣ። የኮሪያውያን ሱቅ በሞላበት በቢውፎርድ ሀይዌይ ስነዳ የዳቦ ቤቱን፣ የጥርስ ሐኪሙን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ማስታወቂያ በፊደላቸው አነባለሁ፤ ትርጉሙን አላውቅም፤ የሚያውቁት ሰዎች በየቀይ መብራቱ ከጎኔ ቆመው ያውቃሉ። አንዳቸውንም አልጠየቅኩም።

ማክሰኞ ማታ ዲኬተር ወዳለው ቤታችን ስገባ አስቴር የሆስፒታሉን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ትፈርማለች።

«ኮቴስ?»

«ዓርብ ይደርሳል።»

«ፊትህ ምነው? ፖሊስ ቲኬት ሰጠህ እንዴ?»

የሆነውን ነገርኳት፤ የሴኡሉን ታሪክ ከድሮ ታውቀዋለች። የቀዩን እስክሪብቶ ነገር ስትሰማ ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም።

«ያ ደብዳቤ አሁንም መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ነው?» አለች።

«ታውቂ ነበር?»

«አቧራውን የሚጠርገው ማን መሰለህ? ምነው እስካሁን ሳታስነብበው?»

«ሞቶ ከሆነስ?»

«ሞቶ ከሆነ ስታስነብበው አይደለም የሚሞተው።» ወረቀቶቹን ሰበሰበች። «እኔ ዶክተሩ የልቤን የኤኮ ምስል እያሳየ ሲነግረኝ ዓይኔን አልጨፈንኩም። አንተ ሁለት ገጽ ወረቀት ትፈራለህ? ሐሙስ ሳልገባ አስነብበው።»

«ለምን ሐሙስ ሳትገቢ?»

«ስሜን በቀይ ልትጨርሰው ሁለት ፊደል ነው የቀረህ አላልክም? የሰውን ነገር ስታጣራ ኖረሃል፤ ይሄንን ለኔ አጣራልኝ።»

በጨዋታ መልክ ነው ያለችው። ሌሊቱን ግን ሁለታችንም ነቅተን ነበር፤ እሷም እኔም የተኛን አስመሰልን።

ረቡዕ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ደብዳቤውን ለሚስስ ኪም ሰጠኋት፤ በሁለት እጄ። ታሪኩን ባጭሩ ነገርኳት። ባለ እንፋሎት ካውያውን አጥፍታ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ለራሷ አነበበችው። ፊቷን ነበር የማየው፤ የምፈልገውን ከፊቷ ላይ ማንበብ አልቻልኩም። አንድ ሰውዬ ሸሚዝ ሊወስድ ገባ፤ ቁጭ ብላ በጣቷ እንዲጠብቅ አመለከተችው፤ ጠበቀ። ከዚያ በእንግሊዝኛ እየቆራረጠች ነገረችኝ። እንዲህ ይላል፦

«ሚንሱ እስካሁን ለዕረፍት አልመጣም። አንድ ጊዜ ጽፎልኛል፤ ደብዳቤው አጭር ነው። ሚንሱ ጽሑፉን አያሳጥርም ነበር። እርስዎ የሰጡኝን ወረቀት አልቀደድኩትም፤ መቅደዱም አስፈራኝ። መምህር ቾይ በእርስዎ አገር ለሕይወት ነው የሚጻፈው ብለውኛል። መምህር ቾይ ግን ደግ ሰው ናቸው፤ ሊያጽናኑኝ ሊዋሹ ይችላሉ። እርስዎ የጋዜጣ ሰው ነዎት፤ ያጣሩትን ብቻ ነው የሚጽፉት ብለውኛል። በእርስዎ አገር በሕይወት ያለ ሰው ስም በቀይ ይጻፋል? እውነት ከሆነ በእጅዎ ይጻፉልኝ። ከእርስዎ ከመጣ አምናለሁ። የሚንሱ ሩዝ አሁንም በየማታው ይቀመጣል። ሚንሱ ሲመጣ እነግረዋለሁ። መልስዎን እጠብቃለሁ።»

ሚስስ ኪም ደብዳቤውን በፊተኛው እጥፋት አጠፈችው።

«መለስክላት?»

«አልመለስኩም።»

«ስንት ዓመት ሆነው?»

ነገርኳት። ተነስታ ለሰውዬው ሸሚዙን ሰጠችው፤ መልሱን ቆጠረችለት፤ ደህና ዋል አለችው። ስትመለስ ነጭ ወረቀትና ጥቁር እስክሪብቶ ይዛለች።

«ተናገር» አለች።

ተናገርኩ፤ በቋንቋዋ ጻፈችው፤ እኔ ደግሞ በእጄ ገለበጥኩት፤ ከአርባ ደቂቃ በላይ ፈጀብኝ። ሁለት ጊዜ ፊደል አስተካክላልኛለች። የጻፍኩት ይህንን ነው፦ እውነት ነው። አባቴ በቀይ የሚጽፈው የቅዱሳንን ስምና መጽሐፉን ያጻፈውን በሕይወት ያለ ሰው ስም ነው፤ የሚያነብ ሁሉ እንዲጸልይለት። የእኔም ስም በአባቴ እጅ በቀይ የተጻፈበት መጽሐፍ አለ፤ ሲጻፍ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ይደረግልኝ። ፈርቼ ነው።

«ያ ተራራ አሁን አፓርታማ ሆኗል» አለች ሚስስ ኪም አድራሻውን እያየች። «መቶ ደረጃ የሚባል ነገር የለም። እሷም…» አልጨረሰችውም።

«ይላክ» አልኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ፖስታ ቤት ሰጠሁት፤ ደረሰኙ ኪሴ ውስጥ ነው። ሳይመሽ ለአስቴር ሁሉንም ነገርኳት።

«ልጁስ?» አለች።

«አልታወቀም።»

«አልታወቀም ብለህ ያዘው እንግዲህ» አለች፤ እጄንም ያዘች።

ሐሙስ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሆስፒታል ገባን። ነርሷ አስቴር እጅ ላይ ሁለት አምባር አሰረች፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቀይ። ቀዩን ሳይ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩ። አለርጂ ነው፣ ፔንሲሊን፣ አለችኝ። ስሟ ቀዩ ላይ ተጽፏል ወይ አልኳት። ነርሷ ግራ ገብቷት አምባሩን አዞረችልኝ፤ የመድኃኒቱ ስም ብቻ ነው። ስሟ ያለው ነጩ ላይ ነው፤ በጥቁር። አስቴር ትራስ ላይ ሆና ሳቀችብኝ። «ይሄ ሰውዬ ኤዲተር ነው፤ ታገሺው» አለቻት። አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ አልጋዋን እየገፉ ወሰዷት።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን አለ። የሰው ስም አይጻፍበትም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ዴስኩ ላይ ያለችው ሴት የአስቴርን ቁጥር በወረቀት ሰጠችኝ፤ 2718። ቀለሞቹንም አስረዳችኝ። ቢጫ በዝግጅት ላይ ነው። ቀይ ቀዶ ጥገናው እየተካሄደ ነው። ሰማያዊ ቀዶ ጥገናው አልቆ ወደ ማገገሚያ ተወስዳለች ማለት ነው። ሌላስ ቀለም አለ ወይ አልኳት። ሌላ ከሆነ ሰው መጥቶ ያናግርሃል አለች።

አንድ ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ 2718 ቀይ ሆነ። ከስክሪኑ ትይዩ ተቀመጥኩ። ማስታወሻዬን አወጣሁና በጥቁር እስክሪብቶ ሰዓቱን ጻፍኩ። ቀዩን እስክሪብቶ እቤት ትቼው ነው የመጣሁት። ሦስት ሰዓት ላይ ቀይ ነው። አራት ሰዓት ላይ ቀይ ነው። አብረውት የነበሩ ሦስት ቁጥሮች ሰማያዊ ሆነው ጠፉ፤ ቤተሰቦቻቸው ቦርሳቸውን እያነሱ ሄዱ። አንዲት ሴት ስትወጣ ቡናዋን ረስታው ሄደች፤ ሲቀዘቅዝ አየሁት። አምስት ሰዓት ላይ አንድ ሐኪም በሩን ከፍቶ ክፍሉን ቃኘና ወደ ሌላ ሰው ሄዶ ጎንበስ አለ፤ ሰውየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔ ስክሪኑን አየሁ፤ ቀይ ነው። አንዲት እናት የደብዳቤ ሳጥን ስትከፍት የሚሰማው ድምፅ በጆሮዬ ነበር፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ ያን ጊዜ አልቆጠርኩትም። አምስት ተኩል ላይ ቀይ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ቀይ ነው።

ስድስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ 2718 ሰማያዊ ሆነ።